የእንጀራ ዓይን ለሚዘገንነው ሰው፦ ከጀርባው ተነስቶ ወደ ዓይኑ

ጥሩ ጋጋሪ የምትመሰገነው በእንጀራዋ ዓይን ነው። «ዓይኑ ሲያምር!» ይባልላታል። ይህንኑ ዓይን ሲያይ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር የሚቆም፣ አንገቱን የሚያሳክከው፣ ሆዱ የሚገለባበጥበት ሰው ግን አለ። እንጀራ ጠልቶ አይደለም፤ ጣዕሙም ሽታውም አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው መታየታቸው ነው። ይኸው ሰው የማር እንጀራ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወይም ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲያይም ያው ነው።

ሩቅ አገር ሆኖ ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፍሬ ማቀፊያ የሚዘገንነውን ሰው «አትየው» ማለት ያስኬዳል፤ ምናልባት በዓመት አንዴ ቢያየው ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ቁርሱ ፍርፍር፣ ምሳውም እራቱም እንጀራ ለሆነ ሰው ግን ይህ ምክር አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሚነሳው ከራሱ ከእንጀራው ነው። መሣሪያውም እሱ ነው፤ ሌላ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

መዘግነንና መፍራት

ነገሩ ትራይፖፎቢያ ይባላል። ስሙ ‹ቀዳዳ› ከሚል የግሪክ ቃል እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንተርኔት ላይ የተሠራ ነው፤ ተመራማሪዎች በቅጡ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄፍ ኮልና አርኖልድ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ የሎተስ ፍሬ ማቀፊያ ምስል ካዩ 286 ሰዎች ውስጥ ከወንዶቹ 11 በመቶ፣ ከሴቶቹ 18 በመቶ ምስሉ እንደረበሻቸው ተናግረዋል። እንግዲህ የእብደት ምልክትም፣ ብርቅ ነገርም አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ኑሮን እስኪያዛባ ድረስ ሲበረታ ነው።

ስሙ ውስጥ ‹ፎቢያ› ስላለ ሁሉም ፍርሃት ይለዋል። እዚህ ላይ አማርኛችን ከግሪኩ ይሻላል። እባብ ያየ ሰው «ፈራሁ» ይላል፤ የእንጀራ ዓይን የሚያስቸግረው ሰው ግን «ዘገነነኝ»፣ «ሰቀጠጠኝ»፣ «ሰውነቴን ወረረኝ» ነው የሚለው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ከአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቀዳዳ ክምችት ምስል ሲታይ የዓይን ብሌን የእባብና የሸረሪት ምስል ሲታይ ከሚሆነው ይልቅ ይጠባል። የብሌን መጥበብ ለሩጫ ከመዘጋጀት ይልቅ ከመጸየፍ ጋር የሚሄድ የሰውነት መልስ ነው።

ለአሠራሩ ይህ ልዩነት ብዙ ይለውጣል። ፍርሃት ከሚፈራው ነገር ጋር ተቀምጠው ሲቆዩ በአንጻሩ ቶሎ ይወርዳል። መዘግነን የሚወርደው በዝግታ ነው፤ ድግግሞሽም ይበዛበታል። ውሻ ለሚፈራ ሰው የተጻፈ ምክር አንብቦ እንጀራውን ዐሥር ደቂቃ ያህል ተመልክቶ «ለእኔ አልሠራም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ ያቋረጠው ገና ሳይጀምር ነው። ደሴ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ብላ የምትጠራ ከተማ ናት፤ የሰው ሆድ ግን በስም አይታዘዝም፣ ጊዜ ይፈልጋል።

ምክንያቱን በተመለከተ ሁለት አስተሳሰቦች አሉ። ኮልና ዊልኪንስ የቀዳዳ ክምችት ምስል የብርሃንና የጥላ አቀማመጡ አንዳንድ መርዛማ እንስሳት ገላ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ከቆዳ በሽታና ከተባይ የመሸሽ ደመነፍስ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ፈንጣጣ ባልጠፋበት፣ ሙጀሌ ዛሬም ባለበት አገር ሁለተኛው ለጆሮ ይቀርባል። የትኛውም ቢሆን አሠራሩን አይለውጠውም። «ቡዳ በላኝ፣ ዓይን ነው» የሚለውም ቃሉ ገጥሞ እንጂ ከእንጀራ ዓይን ጋር ዝምድና የለውም። ጸሎት ወይም ዱዓ የሚያጽናናው ሰው ይቀጥል፤ ከዚህ በታች ካለው ልምምድ ጋር አይጋጭም።

ሌላ ነገር አለመሆኑን መለየት

ይህን ሳያጣሩ ልምምድ መጀመር የሳምንታት ድካም ሊያስከትል ይችላል። የሚከተሉትን ይመልከቱ።

እንጀራው ከዓይኑ ይልቅ «ቆሻሻ ነክቶታል» በሚል ሐሳብ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ እጅ ደጋግሞ መታጠብም ካለ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። «መርዝ አድርገውብኛል» ብለው ከሆነ የማይበሉት፣ ልምምዱን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንጀራ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ምግብ የማይቀርብለት፣ ክብደቱ የቀነሰ ልጅም እንዲሁ መታየት አለበት። ከቀዳዳ ሌላ መስመር መስመር ያለው ጨርቅ ወይም ቆርቆሮ ዓይንን የሚያጭበረብርና ራስን የሚያሳምም ከሆነ ማይግሬን ሊሆን ይችላል።

አንዱ በተለይ እዚህ አካባቢ ሊዘነጋ አይገባም። ጥይት የበሳው ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ በር ሲያይ የሚርበተበት፣ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትዝ የሚለው፣ በሌሊት የሚባንን ሰው የቀዳዳ መዘግነን አይደለም ያለበት። ያየው ነገር ቁስል ነው። እንጀራ ላይ ማፍጠጥ አይረዳውም፤ ብቻውን ቢሞክረው ሊያብስበት ይችላል።

መዘግነኑ ለሕክምና የሚበቃ ፎቢያ የሚባለው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ነገሩ በታየ ቁጥር ማለት ይቻላል ወዲያው ሲነሳ፣ ሰውየውም ለመሸሽ ብሎ ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ምግቡን ወይም ከሰው ጋር መቀመጡን ሲተው ነው። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የምርመራ መመሪያ ውስጥ ትራይፖፎቢያ በስሙ ባይመዘገብም፣ መስፈርቱን ሲያሟላ ከውስን ፎቢያዎች ጋር ይታያል። የሚያሳክካቸው ሰዎች ከፋርማሲ ቅባት ገዝተው ሲቀቡ ይታያል። ማሳከኩ ቀዳዳው ሲታይ መጥቶ ሲሸፈን የሚጠፋ ከሆነ ቅባቱ ምንም አያደርግለትም። ማሳከኩ ሁልጊዜ ካለ ግን የቆዳ ሐኪም ያስፈልገዋል።

አንድ ሳምንት መመዝገብ

ልምምዱን ነገ አይጀምሩ። መጀመሪያ ትንሽ ደብተር ይያዙና ለሰባት ቀን፣ በዘገነነዎ ቁጥር አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ምን እንዳዩ፣ ምን ያህል ርቀት ላይ፣ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደዘገነነዎ፣ ምን እንዳደረጉ። አራተኛው ወርቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሸሽበትን መንገድ አያውቀውም። እንጀራውን ሲቀበል ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ቶሎ ወጥ ማፍሰስ፣ ዓይንን ጨፍኖ መቁረስ፣ ስልክ እያዩ መብላት፣ ስፖንጅ ትቶ በጨርቅ ማጠብ፣ ምጣድ ጋ እህትን መላክ፤ እነዚህ ሁሉ ሽሽት ናቸው። ለጊዜው ያሳርፋሉ፤ ግን አእምሮ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ስለሚይዘው መዘግነኑን የሚቀልቡት እነሱው ናቸው።

ከቁጥሮቹ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል፤ ሁሉም እንጀራ እኩል አይዘገንንም። ትልቁ ድርሻ የጥላ ነው። ብርሃን ከጎን፣ ለምሳሌ ከመስኮት ወይም ከበር ሲመጣ እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ከላይ፣ ከጣሪያ አምፖል ሲመጣ ጥላው ያንሳል። በነጭ ጤፍ ላይ የቀዳዳው ጥላ ጎልቶ ሲታይ በቀይ ጤፍ ላይ ከገጹ ጋር ይቀራረባል። ከሁለት ሜትር ሲያዩት ዓይኖቹ ይደባለቁና ገጹ አንድ ወጥ ይመስላል፤ ከአንድ ክንድ ርቀት እያንዳንዱ ይለያል። በእነዚህ ሦስቱ፣ በብርሃን፣ በቀለምና በርቀት፣ የልምምዱን ክብደት እንደ ሚዛን ድንጋይ መጨመርና መቀነስ ይቻላል።

ዓይኑን ከሊጡ መቆጣጠር

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓይኑ ያነሰ እንጀራ ቢኖር ሥራው ይቀላል። ይህንን የሚያውቅ ጋጋሪ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ አይገኝም።

ዓይን የሚወጣው ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው ጋዝ በጋለ ምጣድ ላይ ወደ ላይ ሲፈነዳ ነው። እርሾው በቂ ጊዜ ካላገኘ ጋዙ ያንሳል፤ አፍለኛ እንጀራ ዓይኑ የሳሳ የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ከፍታው ልዩነት ያመጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ትሞቃለች። በአንድ ቀን የተቦካ ሊጥ ኮምቦልቻ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ደሴ ላይ በክረምት ብርድ ይዘገያል። ስለዚህ «ሁለት ቀን» የሚል ቁጥር ከመያዝ ሊጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ውሃና ሽታውን ማየት ይሻላል። አብሲት ያልተጣለበት ሊጥም ዓይኑ ደከም ይላል፤ ወፈር ብሎ የተጋገረም እንዲሁ። ምጣዱ በቅጡ ሳይግል የተጋገረ ዓይን አያወጣም፤ ዓይኑ ወጥቶ ሳይጨርስ አክንባሎ የተደፋበት ደግሞ ይደፈናል።

እንግዲህ ለልምምድ ሦስት ዓይነት እንጀራ ያስፈልጋል፦ በቀይ ጤፍ ወፈር ብሎ የተጋገረ አፍለኛ፣ የተለመደው የቤት እንጀራ፣ በመጨረሻም በነጭ ጤፍ አብሲት ተጥሎበት ዓይኑ የተንቆጠቆጠ። ኮምቦልቻ ውስጥ ተከራይቶ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ከተለያዩ ሻጮች አንዳንድ እንጀራ ገዝቶ ቢያነጻጽር ልዩነቱን ያገኘዋል። የማሽላ ድብልቁንም አይለፈው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ግን ቤተሰቡ ለአንድ ሰው ተብሎ ዓይን የለሽ እንጀራ እየጋገረ አይቀጥል። መሰላል የነበረው አጥር ይሆናል።

መሰላሉ

ከዚህ በታች ያለው ተራ ለብዙ ሰው የሚሠራ ነው። በራስዎ ቁጥሮች መሠረት ያለዋውጡት። ሕጉ አንድ ነው፦ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲወጡ ልዩነቱ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ከሁለት አይብለጥ። ከበለጠ በመካከል አንድ ደረጃ ይጨምሩ፤ ርቀቱን ወይም ብርሃኑን በመቀየር።

1. ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ ይሳሉና ያጥቁሩት። ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሠላሳ፣ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየተዉ። ሠላሳው ላይ ሲደርሱ ብዙ ሰው መሳሉን ያቆማል፤ የሚፈለገው እዚያ ላይ አለማቆም ነው።

2. የእንጀራ ጀርባ፣ ገበታ ላይ ተዘርግቶ። ጀርባው ልሙጥ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን «ከሥር ዓይን አለ» የሚለው ሐሳብ ብቻውን ሦስት አራት ነጥብ የሚያስቆጥረው ሰው አለ።

3. ጀርባውን በመዳፍ መዳሰስ፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ እንጀራ ይዞ ከጫፉ መቁረስ።

4. ቀይ ፍርፍር። ዓይኑ ተቆራርጦ በቁሌት ስለሚሸፈን በየቁራጩ ላይ ጥቂት ብቻ ይታያል። ሽሮ የፈሰሰበት እንጀራም እዚህ ይመደባል።

5. አፍለኛው እንጀራ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሜትር ርቀት፣ ብርሃን ከላይ። ከዚያ አንድ ሜትር። ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር።

6. ዓይኑን በጣት መዳሰስ። መጀመሪያ ዓይንን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ እያዩ። እስካሁን ካሉት ለአብዛኛው ሰው ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ሦስት አራት ቀን ቢፈጅ አይደንግጡ።

7. የቤት እንጀራ፣ ከወጥ ውጪ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ አንድ ጊዜ አይቶ መብላት። አምስት ቁራሽ ይበቃል።

8. ነጩ፣ ከመስኮት በሚመጣ የጎን ብርሃን፣ ከቅርብ።

9. ምጣድ። ሊጡ ሲዞር፣ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ማየት። መንቀሳቀሱ ስለሚጨመርበት ከተጋገረው ይልቅ ይከብዳል። መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቆሞ አንድ እንጀራ፣ በኋላ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ አምስት ስድስት፤ የምትጋግረው ራሷ ከሆነች በመጨረሻ በራሷ እጅ።

የስልክ ምስልን በመሰላሉ ውስጥ ያላስገባነው ሆን ብለን ነው። ኢንተርኔት ላይ በዚህ ስም ከሚዞሩት ምስሎች ብዙዎቹ የሎተስ ፍሬን በኮምፒውተር ከሰው ቆዳ ላይ የለጠፉ የሐሰት ምስሎች ናቸው። ለማስደንገጥ የተሠሩ እንጂ ለመለማመድ አይሆኑም። ምስል መጠቀም ካስፈለገ የራስዎን እንጀራ በጥቁርና ነጭ ያንሱ፣ ብሩህነቱን ይቀንሱ፣ ከደረጃ 4 በኋላ ይጠቀሙበት።

አንዱ ልምምድ እንዴት ይሄዳል

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ሳምንት ሙሉ ትቶ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከመታገል ይህ ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት ይፈጸማል ብለው የሚሰጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «አስታውካለሁ»፣ «መቆም አቅቶኝ እወድቃለሁ»፣ «ሌሊቱን ሙሉ ከዓይኔ አይጠፋም»። የመዘግነኑን ቁጥርም ይጻፉ። ከዚያ ወደ ደረጃው ይግቡና በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ይመዝግቡ። የሚያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ፦ «ዓይኑ በጫፉ በኩል ሰፋ ይላል፣ በመሐሉ ይደቃል፣ እዚህ ጋ ሁለቱ ተያይዘዋል።» ይህ ለማዘናጋት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ዓይን እንዳይሸሽ ያስራል።

መቼ ይቆማል? ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ጥሩ ነው፤ 8 የነበረው 4 ሲሆን። መዘግነን ግን ግትር ስለሆነ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ8 ወደ 6 ብቻ ሊወርድ ይችላል። ይህ ውድቀት አይደለም። ጽፈውት የነበረው ስጋት አለመፈጸሙን አይተው ያቁሙ፣ በማግስቱ እዚያው ደረጃ ላይ ይጀምሩ። መነሻው ቁጥር በየቀኑ ዝቅ ካለ ልምምዱ እየሠራ ነው። በሁለት ተከታታይ ቀን መነሻው 3 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይለፉ።

ማቆም የሌለበት አንድ ጊዜ አለ፦ ቁጥሩ ጫፍ ላይ ሲሆን። 9 ላይ ብድግ ብሎ መውጣት ለአእምሮ የሚያስተምረው «ብትቆይ አልቆልህ ነበር» ነው። ከከበደ ይራቁ እንጂ አይውጡ፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ይመለሱና እዚያ ይቆዩ።

ቡናና ጫት ከልምምድ በፊት አይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የተቀመጠ ሰው ልቡ የሚመታው በቡናው ይሁን በእንጀራው አያውቅም። ጫት ለጊዜው ድፍረት የሰጠ ቢመስልም ያለ እሱ ሲሆን ልምምዱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ሎሚ ማሽተት፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ሙዚቃ መክፈት ከደረጃ 5 በኋላ ይቁሙ።

የሚያቅለሸልሸውና የሚያዞረው

ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው በጥልቅ መተንፈስ አይረዳውም፤ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው፣ መዝናናት ይበልጥ ያወርደዋል። ለዚህ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት ደም ሲያዩ ራሳቸውን ለሚስቱ ሰዎች ያስፋፉት ዘዴ አለ። ተቀምጠው የክንድ፣ የሆድና የጭን ጡንቻዎችን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቀው ይወጥሩ፣ ፊትዎ ሞቅ እስኪል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ልቀቁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይዝለፍለፉ። አምስት ጊዜ ይድገሙት። ይህን ከእንጀራው ርቀው ለአንድ ሳምንት ከተለማመዱት በኋላ ወደ መሰላሉ ይዘውት ይግቡ። የደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት።

ልቡ ብቻ የሚመታ፣ የማያዞረው ሰው ይህ አያስፈልገውም። ዝግ ብሎ መተንፈስ ይበቃዋል።

በጾም ወቅት ልምምዱ በባዶ ሆድ አይሁን። በረመዳን ከኢፍጧር አንድ ሰዓት በኋላ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከተገደፈ በኋላ ቢደረግ ማዞሩ ይቀንሳል። ጠግቦ በልቶ ወዲያው መጀመርም አይመከርም፤ ማቅለሽለሹ ከጥጋብ ይሁን ከመዘግነን አይለይም።

ገበታና ሰው

የወሎ ገበታ በእምቢታ የሚታለፍ አይደለም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ የቀረበ እንጀራ ሲገፋ አቅራቢዋ የምትረዳው «ተጸየፉኝ» ብላ ነው። መሰላሉ ገና መሐሉ ላይ ላለ ሰው እውነቱን ሁሉ መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ መዋሸትም አያስፈልግም። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እኔ ጠቅልዬ ስበላ ነው የሚስማማኝ» ብሎ እንጀራውን ራስ መጠቅለል ይበቃል። የጉርሻ ነገር ከሚፈራው ይቀላል፤ ሲጠቀለል ዓይኑ ወደ ወጡ ዞሮ ከውጭ የሚታየው በአብዛኛው ጀርባው ነው።

ቤተሰብ የሚያጠፋው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ማስገደድ ነው፤ «ትልመደው» ብሎ እንጀራ ፊቷ ላይ መዘርጋት፣ ስፖንጅ መወርወር፣ ምስል እየላኩ መሳቅ። ሰውየው ራሱ ያልመረጠው ደረጃ አያስተምርም፤ ያደነድናል እንጂ። ሁለተኛው የፍቅር ጥፋት ነው፤ እንጀራውን ገልብጦ ማቅረብ፣ እሷን ከምጣድ ቤት ማራቅ፣ በየደቂቃው «አብሽሪ፣ ምንም የለም» ማለት። አንድ «አብሽሪ» መልካም ነው፤ ሃያኛው ግን ራሱ የሽሽት መንገድ ይሆናል። በየቀኑ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ይሁን፦ «ዛሬ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነሽ?»

ለልጅ ልምምዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠር፣ ጨዋታ ይምሰል። ዓይኑን በጥርስ መፋቂያ እየነኩ መቁጠር፣ ሊጡ ሲዞር መጀመሪያ የሚከፈተው ዓይን የት እንደሆነ መወራረድ። እጁን ይዞ ማስነካት የለም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ

ስድስት ሳምንት በትክክል ሠርተው ከደረጃ 3 ካላለፉ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ወይም ከመዘግነኑ ጋር ድባቴ ካለ ብቻዎን አይግፉት። በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘው ይሂዱ። «ትራይፖፎቢያ አለብኝ» ከማለት ደብተሩን ማሳየት ይሻላል። ስሙን ያልሰማ ባለሙያ ሊኖር ይችላል፤ ቁጥሩን፣ ርቀቱንና የሸሹበትን መንገድ ያየ ባለሙያ ግን ወዲያው ይገባዋል።

መዘግነኑን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ዲያዜፓም ከጎረቤት ተቀብሎ ከምሳ በፊት መዋጥ ለሰዓታት ያደነዝዛል፤ ልምምዱን ያከሽፋል፤ ሲደጋገም ደግሞ ሱስ ያስይዛል።

ከእንጀራው በኋላ

ደረጃ 9 ላይ የደረሰ ሰው ስፖንጁ አሁንም ሊዘገንነው ይችላል። አእምሮ የተማረው እንጀራን እንጂ ቀዳዳን ሁሉ አይደለም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ይጨምሩ፦ ደረቅ ስፖንጅ፣ ከዚያ አረፋ የያዘ፤ ቆረቆንዳ፤ ፍሬው ግማሽ የተለቀመ የሱፍ ራስ፤ የማር እንጀራ። በለስ ሲገባ በእሾህ ነጥቦቹ ምክንያት የሚቸገሩ አሉ፤ የተላጠውን ሳይሆን ያልተላጠውን ይመልከቱ፣ በባዶ እጅ ግን አይንኩት። እዚህ አካባቢ በአጥርና በካብ ውስጥ የሚገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ የመንገድ ላይ ልምምድ ይሆናል፤ ቆም ብሎ ሁለት ደቂቃ ማየት ይበቃል። እነዚህ ከእንጀራው በጣም ፈጠን ብለው ይወርዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሦስት አራት ልምምድ ይበቃል።

ታሞ፣ ተጉዞ ወይም በሌላ ምክንያት ከሦስት ሳምንት በላይ ያቋረጠ ሰው መዘግነኑ በከፊል ይመለስበታል። ከመጀመሪያው አይጀምር፤ ካቆመበት ሁለት ደረጃ ወርዶ ይግባ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ነበረበት ይደርሳል።